ዕውቀቱ የብዙዎች፣ መድኃኒቱ የጥቂቶች ለምን ይሆናል?



«የሕዋስን ጠባይ ማጥናት ለድኻው ምን ይፈይድለታል?» እየተባልን ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ኤቢኤል ስለሚባለው የሰው ጅን በመናገር እንመልሳለን።

ይህ ጅን የሚያስገኘው ፕሮቲን በሕዋስ ውስጥ መልእክት አስተላላፊ ነው። በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት እየለጠፈ ስለ ዕድገትና ስለ መባዛት ትእዛዝ ያደርሳል። ጤነኛ ሲሆን፣ ሲጠሩት ይሠራል፤ ሲጨርስ ያርፋል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ፒተር ናውልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በፊላዴልፊያ ከተማ አንድ ዓይነት የደም ካንሰር በያዛቸው ሰዎች ሕዋስ ውስጥ ያለ ልክ ያጠረ ክሮሞዞም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ በቺካጎ ዩኒቨርስቲ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞሞች ቁራጭ መለዋወጣቸውን ገለጡ። ኋላም እንደ ታወቀው፣ በዚህ ልውውጥ ኤቢኤል ከሌላ ጅን ጋር ይጣበቅና ማረፍን የማያውቅ ፕሮቲን ይፈጠራል። ነጭ የደም ሕዋሳትም ያለ ገደብ ይባዛሉ።

ይህን ፕሮቲን የሚገታው ኢማቲኒብ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ በ2001 ተፈቀደ። በጥቂት ዓመታት ይገድል የነበረው በሽታ፣ ለብዙዎች መድኃኒት እየዋጡ አብረውት የሚኖሩት ሆነ።

እንግዲህ «ዕውቀት ለድኻው ይፈይዳል» ብለን ልንደመድም ስንል ዋጋው ከፊታችን ይቆማል። መድኃኒቱ በአሜሪካ ሲወጣ የአንድ ሰው የዓመት ዋጋ 30,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2012 ወደ 92,000 ዶላር ደረሰ። በ2013 ከ100 የሚበልጡ የበሽታው ሊቃውንት የዚህንና የመሰሎቹን መድኃኒቶች ዋጋ በአንድነት ተቃወሙ። መድኃኒቱን በሕሙማን ላይ በመፈተን ግንባር ቀደም የነበሩት ብራየን ድሩከርም ከመካከላቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው ለመድኃኒቱ አዲስ ቅርጽ የጠየቀውን የባለቤትነት መብት ከለከለ። በዚህም የአገሩ ፋብሪካዎች በርካሽ መሸጣቸውን ቀጠሉ።

ኩባንያው ገንዘብ አውጥቷልና ትርፍ ይገባዋል የሚሉ አሉ። አንክድም። ነገር ግን አጭሩን ክሮሞዞም በማይክሮስኮፕ ያዩት የኩባንያው ሠራተኞች አልነበሩም፤ የዩኒቨርስቲና የምርምር ተቋም ሰዎች ነበሩ። ትርፍ ይኑር፤ ልክ ግን ይኑረው። ማረፍን የማያውቅ ነገር ምን እንደሚያደርስ ኤቢኤል ራሱ ያስተምረናል።

ስለዚህ መምህራኖቻችን ስለ ሕዋስ ሲያስተምሩን ስለ ዋጋውም እንዲያስተምሩን እንለምናለን። እኛም ተማሪዎች፣ ነገ የምርምራችንን ፍሬ ለማስረከብ ውል ስንፈርም «ለድኻው በስንት ይደርሰዋል?» ብለን መጠየቅን ከዛሬ እንልመድ።