ወርቁ አለቀ፣ ዘፈኑ ግን ተመለሰ

ወገኔ፣ ይቺን ሳታነብ አትለፍ። ረጅም አይደለችም።

አድዋ ላይ ድል ባደረግንበት በዚያው ዓመት፣ በ1888 ዓ.ም ነሐሴ ላይ፣ ካናዳ ሰሜን ምዕራብ፣ ዩኮን በሚባል ብርዳም አገር፣ አራት ሰዎች ጅረት ዳር ወርቅ አገኙ። ጂም፣ ቻርሊ እና ኬት የታጊሽ ሕዝብ ተወላጆች ናቸው። አራተኛው የኬት ባል፣ ጆርጅ ካርማክ የሚባል አሜሪካዊ ነጭ ነው። የአገሬው ሰዎች ቀድሞ ያየው ጂም ነው ይላሉ። «አግኚ» ተብሎ መዝገብ ላይ የሰፈረው ግን ማን ይመስልሃል? ልክ ነህ፣ ጆርጅ።

ወሬው በዓመቱ አሜሪካ ሲደርስ ሰው አበደ። 100 ሺህ ያህል ሰው ጉዞ ጀመረ ይባላል። የካናዳ ፖሊስ የዓመት ስንቅ ያልያዘ አይገባም ስላለ፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ቶን ገደማ ጭነት በጀርባው እያመላለሰ የበረዶ ተራራ ወጣ። ዶውሰን የምትባል ከተማ በሁለት ዓመት ውስጥ ከባዶ ሜዳ ተነስታ 30 ሺህ ያህል ሰው ያዘች። ቀጥሎ ወርቅ አላስካ ተገኘ ሲባል ሰዉ ጥሏት ነጎደ።

«ባዶ ሜዳ» አልኩህ አይደል? እኔንም አታለሉኝ። ባዶ አልነበረም እኮ! ክሎንዳይክና ዩኮን ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ትሮንዴክ ሁዌቺን የሚባሉ ሕዝቦች ሳልሞን ዓሣ የሚያጠምዱበት ሰፈር ነበር። ወርቅ ፈላጊው መጥቶ ሰፈረበት። አለቃቸው አይዛክ ሕዝቡን ይዞ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዙን ተከትሎ፣ ሙስሃይድ ወደምትባል ቦታ ወረደ። ዘፈናችን በዚህ ግርግር ይጠፋል ብሎ ስለሰጋም ዘፈኑንና ጭፈራውን አላስካ ላሉ ዘመዶቹ አደራ ሰጠ። ወርቅ አይደለም፣ ዘፈን! አደራ ምን እንደሆነ ለአንተ አላስረዳህም።

ዛሬ ዶውሰን ሁለት ሺህ ሰው እንኳ የማይሞላት የቱሪስት ከተማ ናት። ቁማር ቤቱ፣ የዳንስ ትርኢቱ፣ የተንጋደዱት አሮጌ ቤቶች፣ ፎቅ የሚያክለው የወርቅ ማውጫ ማሽን፣ ሳህን ይዞ ጅረት ውስጥ አሸዋ ማጠብ፣ ሁሉም አለ። የደረቀ የሰው እግር ጣት የተጨመረበት መጠጥ የሚቀዳበት ሆቴልም አለ፣ እውነቴን ነው! ለረጅም ዓመታት ግን ለጎብኚው የሚነገረው ያ ጢማም ቆፋሪ፣ አካፋውና ዕድሉ ነበር። አይዛክን ማን ያነሳዋል?

ታዲያ ማንም አዝኖላቸው ታሪኩን አልመለሰላቸውም። ለዓመታት ተደራድረው እ.ኤ.አ በ1998 የመሬትና የራስ አስተዳደር ስምምነት ተፈራረሙ። በዚያው ዓመት ወንዙ ዳር የራሳቸውን የባህል ማዕከል ከፈቱ፤ ስሙ በቋንቋቸው «የድሮ ዘመን ቤት» እንደማለት ነው። እዚያ ስለነሱ የሚተርኩት ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ በ2023 ዩኔስኮ አካባቢውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ «ትሮንዴክ-ክሎንዳይክ» ብሎ ነው፣ የእነሱን ስም አስቀድሞ። የተመዘገበውም ለቆፋሪው ጀብዱ ሳይሆን፣ ቅኝ ገዢ ሲመጣባቸው እንዴት እንደኖሩ ስለሚመሰክር ነው።

እኔ ቱሪስት አልጠላም። ሰውየው ሳህኑን ይዞ ጅረት ውስጥ ይቁም፣ ገንዘቡንም ትቶ ይሂድ። የማይዋጥልኝ፣ የቤቱ ልጅ በገዛ ደጁ ተመልካች ሲሆን ነው። ለዚህ ደግሞ ሌላውን መርገም ብቻ አይበቃም፤ እነሱ ተደራደሩ፣ ፈረሙ፣ ቤት ሠሩ። ፌስቡክ ላይ ከመጮህ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፣ እኔም ጯሂ ነኝ።

ዘፈኖቹስ አትለኝም? ከአላስካ ተመልሰዋል። አሁን በየሁለት ዓመቱ በበጋ ሙስሃይድ ላይ ይሰባሰባሉ። እንግዳው በጀልባ ይመጣል፣ የአይዛክ ልጆችም ከበሮ ይዘው ይቀበሉታል።