ጾሙ ሲፈታ አሰሩ አብሮ አይሰናበት

በዚህ የብርሃነ ትንሣኤው በዓል የደስታ ዕለት ስለ ማዕዳችን አንድ ሐሳብ ልናካፍላችሁ ወደድን። ሐሳባችን የዶሮውን ወጥና የበጉን ሥጋ ለመንቀፍ የተሰነዘረ አይደለም። 55 ቀን የጾመ ቤተሰብ በአንድነት ተሰብስቦ መፈሰኩ የተገባ ነው። የምንለው፣ ሥጋው ወደ ማዕዱ ሲገባ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ንፍሮው በአንድ ሌሊት ተጠራርገው መውጣት የለባቸውም ነው።

የጾም ምግባችን በአብዛኛው ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት የሚሰናዳ በመሆኑ አሰር በብዛት ይገኝበታል። አሰር፣ በዘመኑ አጠራር ፋይበር፣ በዕፅዋት ምግቦች ውስጥ የሚገኝና ትንሹ አንጀት ሊፈጨው የማይችለው ክፍል ነው። ታዲያ የማይፈጭ ነገር ለሰውነት ምን ይፈይዳል? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥቅሙ የሚመነጨው ግን ከዚሁ ካለመፈጨቱ ነው። አንዱ ዓይነት አሰር ውኃ ይዞ ዓይነ ምድርን ስለሚያለሰልስና ጉዞውን ስለሚያፋጥን የሆድ ድርቀትን ይከላከላል። ሌላው ዓይነት ደግሞ ውኃ ሲነካው እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ሲሆን፣ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይገታል፤ በደም ውስጥ ያለውን ጎጂ ኮሌስትሮልም ይቀንሳል። ከዚህም አልፎ በትልቁ አንጀት ለሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል፤ እነርሱም በፈንታቸው የአንጀትን ግድግዳ የሚመግቡ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ።

በአንጻሩ በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በወተትና በቅቤ ውስጥ አሰር ፈጽሞ አይገኝም። ስለዚህ የበዓል ማዕድ በእነዚህ ብቻ ሲሞላ፣ ለሁለት ወር ያህል አሰር የለመደ ሆድ በአንድ ቀን ያጣዋል። እናቶቻችን ይህን በልማድ ያውቁት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። በብዙ ቤቶች ከዶሮው ወጥ በፊት የተልባ ውኃ ለሆድ ማለስለሻ መቅረቡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተልባ በአሰር ከበለጸጉት እህሎች አንዱ ነውና።

ነገሩ የአንድ ቀን ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ባላነሣነውም ነበር። ነገር ግን ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ኀምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም። የጾም ወጥ በጾም ቀን ብቻ የሚሠራበት ቤት እንግዲህ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ጥራጥሬና ጎመን ሳያይ ሊከርም ነው።

ለዚህ ሥር የሰደደው ምክንያት፣ በእኛ አስተያየት፣ ለእነዚህ ምግቦች ያለን ግምት ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ “የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ” ይባላል። ጎመን የችግር ቀን ምግብ ተደርጎ ይታያል፤ ሽሮም የእጅ ማጠር ምልክት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የስንዴው ፉርሽካ ለከብት ይሰጥና ነጩ ፉርኖ ዱቄት ለሰው ይቀርባል። ከሙሉ ስንዴ በተፈጨ 100 ግራም ዱቄት ውስጥ ከ10 ግራም የማያንስ አሰር ሲኖር፣ በነጩ ዱቄት ውስጥ የሚቀረው 3 ግራም ያህል ብቻ ነው። ጤፋችን ከዚህ ዕጣ ያመለጠው ፍሬው እጅግ ደቃቅ ሆኖ ከነሽፋኑ ስለሚፈጭ ነው።

ይህን ጉዳይ የውጭ አገር ሊቃውንትም ከአፍሪካ ገበታ ተምረውታል። በኡጋንዳ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ በምዕራቡ ዓለም የተለመዱ የአንጀት በሽታዎች በአፍሪካ ገጠሮች ብርቅ መሆናቸውን አስተውለው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ምክንያቱ አሰር የበዛበት ምግብ ነው ሲሉ አስተምረዋል። የሰነዘሯቸው ግምቶች ሁሉ እኩል ባይጸኑም፣ ዋናው ሐሳባቸው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተጠናከረ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ አንድ ጥናት 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግባቸውን ተለዋወጡ። አሰር የበዛበትን የበሉት አሜሪካውያን የአንጀታቸው ብግነት ሲቀንስ፣ ስብ የበዛበትንና አሰር ያነሰውን የበሉት አፍሪካውያን ግን ለአንጀት ካንሰር የሚያሰጉ ለውጦች ታዩባቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የብዙ ጥናቶችን ውጤት በአንድነት የመረመሩ ሊቃውንትም፣ አሰር በብዛት የሚመገቡ ሰዎች ጥቂት ከሚመገቡት ይልቅ በልብ ሕመም፣ በስትሮክ፣ በስኳር በሽታና በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ከ15 እስከ 30 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የጾም የሆነ ሁሉ አሰር አለው ማለት አይደለም። ነጭ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ነጭ ሩዝና የተጠበሰ ድንች የጾም ቢሆኑም በአሰር ከምስርና ከባቄላ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም። በከተሞቻችን የስኳር በሽታና የደም ግፊት ብርቅ መሆናቸው በቀረበት በዚህ ዘመን፣ የበዓሉ ቀን ቀርቶ የጾሙም ማዕድ ወደ ነጭ ዱቄት ማዘንበሉ ሊያሳስበን ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲያገኝ ይመክራል። ይህ ለእኛ ማዕድ ከባድ አይደለም። 100 ግራም የበሰለ ምስር ብቻውን 8 ግራም ያህል ይሰጣል። እንግዲህ ከዶሮው ወጥ ጎን ጎመን ይቅረብ፤ ሥጋውም ለብቻው ከሚሠራ ጎመን በሥጋ ይሁን። ድፎው ፉርሽካው ካልወጣለት ዱቄት ይጋገር። ከቡናው ጋር የገብስና የሽምብራ ቆሎ ይቆላ። በኀምሳው ቀናትም ቢሆን በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ምስር ወይም ሽሮ ይሠራ። ከሥጋ ይልቅ ዋጋቸው የሚቀል መሆኑም ለቤት ኢኮኖሚ ሌላ ጥቅም ነው። አሰር መመገብን ያልለመደ ሰው ግን ቀስ በቀስ እየጨመረና ውኃ በደንብ እየጠጣ ይጀምር፤ የአንጀት ሕመም ያለበትም ሐኪሙን ያማክር።

ልጆቻችን ጎመንንና ሽሮን የሚያዩት እኛ ባየንበት ዓይን ነው። በበዓል ቀን ከክብር ማዕድ የተገለለ ምግብ በእነርሱ ዘንድ የተናቀ ሆኖ ይቀራል፤ ከዶሮው ጎን በአንድ መሶብ የቀረበ ግን ክብሩ ይጠበቅለታል። አባቶቻችን “ጎመን በጤና” ሲሉ ጎመንና ጤናን አንድ ላይ ማኖራቸው ልብ ሊባል ይገባል። መልካም በዓል ይሁንላችሁ።