ወንፈል ያልደረሰው ልጅ

እኩዮቼ፤ በቢቸና በኩልም በሞጣ በኩልም ያላችሁ፣ ሮብ ሮብ ገበያ ላይ የምንገናኝ ሽማግሌዎች፤ ይህ ቃል ለወጣቱ አይደለም። ወጣቱን መክረናል፣ ገሥጸናል፣ አልፎም ረግመናል። የዛሬው ለእኛው ለራሳችን ነው።

እድራችን አለ። ማኅበሩ ከቤት ቤት ይዞራል፣ ሰንበቴውም በየደብሩ ይበላል ይጠጣል። ስለዚህ አገራችን በደኅና ያለ ይመስለናል። እስቲ ቃሬዛውን አስቡት። ክረምት ላይ ዋልካው መኪና በማያስገባበት ቀበሌ፣ ምጥ የጠናባት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው በሰው ትከሻ ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና በጠፍር ይወጠራል፣ ጋቢ ይነጠፍበታል፣ አራት ሰው ይሸከማል። ጭቃ ላይ ትከሻ ቶሎ ይዝላልና አራቱ ጥቂት እንደ ሄዱ የሚቀበላቸው ሌላ አራት፣ ከዚያም ሌላ አራት ያስፈልጋል። ያን ሁሉ ጎረምሳ ዛሬ ከየት እናመጣለን? ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራና መተማ ወርዶ የቀረ አለ፣ ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ገብቶ የቀረ አለ፣ ጦርነት የበተነውም አለ። ሽበታም ለሽበታም ቃሬዛ የሚቀባበልበት ጊዜ እየመጣ ነው።

አጨዳውም ያው ነው። ኅዳር ላይ ጤፉ ሲደርስ ዛሬ ያንተ፣ ነገ የእኔ እየተባለ ወንፈል ይያዝ ነበር። አሁን አጫጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው የቀኑን ዋጋ ነው። እኛም «የዘንድሮ ልጅ ገንዘብ ወዳድ ሆነ» ብለን እንፈርዳለን። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም። ወንፈል ብድር ነው፤ የሚበደርም የሚመልስም እርሻ ያለው ሰው ነው። በክልላችን መሬት የተደለደለው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ገመድ የተጣለልን እኛ ነን፤ የይዞታ ደብተሩም በእኛ ስም ነው። በዚያ ዓመት የተወለደው ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት እየነካው ነው፤ አብዛኛው ግን አንድ ቃዳ መሬት እንኳ የለውም። የእኔን ጤፍ ቢያጭድልኝ ብድሩን በየትኛው ማሳው ላይ እመልስለታለሁ? ገንዘብ የጠየቀኝ ሌላ የሚጠይቀኝ ነገር ስለሌለ ነው። ከወንፈል ያስወጣነው እኛ ነን፤ ከወንፈል የወጣ ሰው ደግሞ ነገ ከእድሩም፣ ከሽምግልናውም፣ ከአገሩም ይወጣል።

ይህ ሩቅ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ። ሮብ ሮብ ገበያችንን የሚያጣብበው አይሱዙ የተፈለሰፈበት አገር፣ ጃፓን፣ በዚህ መንገድ ቀድሞን ሄዷል። ገጠራቸው በኅብረት የኖረ ገጠር ነበር። በጊፉ ግዛት ሺራካዋ በምትባል መንደር ቤቱ እንደኛው የሣር ክዳን ነው፤ በረዶ እንዳይቆይበት ጣራው ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ሣሩ ከ30 እስከ 40 ዓመት አንዴ ሲቀየር መንደርተኛው በመቶ እየሆነ ይወጣና የጣራውን አንድ ገጽ በአንድ ቀን ይከድነዋል። ዩዪ ይሉታል፤ ነገሩ የእኛው ወንፈል ነው። ጥፋተኛን ከመንደር ሲያገልሉም በወጋቸው ሁለት ነገር አይነፍጉትም ነበር፤ ቤቱ ሲቃጠል እሳት ማጥፋትና ሲሞት መቅበር። እኛ ግን ሰውን ስናገል እሳትና ውኃ እስከ መከልከል እንደምንሄድ ታውቃላችሁ።

ያ ሁሉ ኅብረት ግን ልጆቹ ወደ ከተማ ሲጎርፉ አልጸናም። አኪራ ኦኖ የሚባሉ የማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ስም እስኪያወጡለት ድረስ መዳከም የብዙ መንደሮች ዕጣ ሆነ፤ ስሙን የሰጡት ከነዋሪው ከግማሽ በላይ ዕድሜው 65 ለሞላው፣ ሠርግና ቀብር እንኳ በኅብረት ማድረግ ላቃተው መንደር ነው። በሺኮኩ ደሴት ናጎሮ የምትባል መንደር አለች። ትምህርት ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘጋ። ዛሬ በክፍሉ ወንበር ላይ የተቀመጡት ከጨርቅ የተሠሩ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ እርሻው ዳር፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይም እንደዚሁ፤ ከሰው ይበልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገው ጥናት በጃፓን ዘጠኝ ሚሊዮን ቤት ሰው የማይኖርበት ሆኖ ተገኝቷል። ያ ሁሉ የሆነው በሀብታም አገር ነው።

እነሱን የጎዳቸው የልጅ ማነስም ነው። እኛ ግን ልጅ ሞልቶናል፤ ያነሰው ለልጅ የምንለቅለት ቦታ ነው። ኅብረት ምን እንደሚችል ደግሞ እኛው እናውቃለን፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ታውጆ የሞጣና የቢቸና ገበሬ እምቢ ሲል፣ ጦርም አውሮፕላንም መጥቶበት አልተበተነም፤ የጃንሆይም መንግሥት በመጨረሻ ግብሩን ተወለት። ያን ገበሬ ያቆመው አብሮ ማረሱና አብሮ ማጨዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ማረስ ያቃተን ሰዎች መሬታችንን ለማን እየሰጠን ነው? ጠቀም ያለ ብር በአንዴ ለሚቆጥር የከተማ ነጋዴ። የጎረቤት ልጅ በእኩል ልረስ ብሎ ሲለምን «በሬ የለህም» እንለዋለን። በሬ የሌለውን ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ማቀናጀት የአባቶቻችን ሥራ ነበር፤ ለእኛ ምን አስቸገረን? ደቦውንም እኛው ነን ያስወደድነው። ጠላው ካልበዛ፣ ወጡ ካልተትረፈረፈ እያልን ስናማ ባልቴቷ ደቦ መጥራት ፈርታ ጤፏ ማሳ ላይ ይረግፋል። አዲስ ጎጆ የወጣ ልጅም ወደ እድሩ ልግባ ሲል የዓመታቱን መዋጮ በአንዴ አምጣ የሚባልበት አለ። ይህ ነውር ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። እርሻ ሳይጀመር፣ ደብተር ያለን ሁሉ አንድ አንድ ቃዳ ለመንደራችን መሬት አልባ ልጅ በእኩል እንስጥ፤ ውሉም በጽሑፍ፣ በምስክር ይሁን፤ ዓመት ቆጥረን የማንነጥቀው ይሁን። ያ ልጅ በዚያ ቃዳ ወንፈል ይገባል፤ እኛም ስንወድቅ የሚያነሣን እሱ ነው። በመጪው ሰንበቴ ነገሩን አነሣዋለሁ። የምትሰጡትን ልጅ ስም ይዛችሁ ኑ።