ሳር ይዞ የሚንበረከክለት ያጣ ወሬ

መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢዋ በደረሰ ጥቃት ብዙ ሰዎች ተገደሉ፣ ሺዎች ተፈናቀሉ። ከተጎጂዎቹ መካከል በሽመና የሚተዳደሩ የጋሞ ተወላጆች ብዙ ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ተቆጥተው አደባባይ ወጡ። የኦሮሞ ተወላጆች ንብረት ነው ወደተባለውም ገሰገሱ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ።

ታሪኩን አገር ሁሉ አድንቆታል። ብዙም ያልተነገረለት ግን አንድ ነገር አለ። ያን ቀን አርባ ምንጭ የደረሰው ሁሉ ውሸት አልነበረም፤ ቡራዩ ላይ በእርግጥ ሰው ሞቷል። ውሸቱ ያለው የቡራዩን ገዳይ ዕዳ አርባ ምንጭ ላለ ጎረቤት ማሸከሙ ላይ ነው። ክፉ ወሬ እንዲህ ነው፤ እውነት ላይ ተፈናጥጦ ይጓዛል። "እሳት በሌለበት ጭስ የለም" የሚል ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። እሳት ቢኖርም እንኳ ማን እንደለኮሰው ጭሱ አይናገርም።

በቀጣዩ ወር በምዕራብ ጎጃም፣ አዲስ ዓለም በተባለች ቦታ፣ ለጥናት የሄዱ ሁለት የጤና ተመራማሪዎች "ልጆቻችንን ሊመርዙ ነው" በሚል ወሬ በሕዝብ ተደብድበው ተገደሉ። ያን ዕለት ወሬውን የሚያቆም ሽማግሌ አልተገኘም፤ ቢኖርም አልተሰማም።

በትንሽ ከተማ ሕይወት ደግሞ ሁሌም ደም አይፈስም። ሴቻ በጠዋት የተነሳ ሐሜት በባጃጅ ተሳፍሮ ከምሳ በፊት ሲቀላ ይገባል። አንዷ "የዕቁብ ገንዘብ በላች" ከተባለች ነገ ዱቤ የሚሰጣት የለም። አንዱ "በሽታ አለበት" ከተባለ የልጁ ጋብቻ ይፈርሳል። አዲስ አበባ ቢሆን ሰፈር ቀይሮ ይኖራል። እዚህ ግን ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ለቅሶው አንድ ነው፤ ስም ከጠፋ መሸሸጊያ የለም።

ጋሞ ለዚህ የቆየ መድኃኒት ነበረው፤ ዱቡሻ። ዱቡሻ ላይ ነገር የሚነገረው በአደባባይ፣ ሽማግሌ ፊት ነው። የተባለበት ሰው ሰምቶ ይመልሳል። ሐሜት ደግሞ ባለቤቱ በሌለበት ብቻ የሚያድር ነገር ነው። ዛሬ ወሬው ወደ ስልክ ገብቷል። የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሺህ ሰው አለ፣ ዱቡሻ ግን የለም።

መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ የሚያሰራጭን እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ይቀጣል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ሕጉ መኖሩ ጥሩ ነው። ሆኖም ፍርድ ቤት የሚደርሰው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ቀድሞ መድረስ ያለበት ቢሮው ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ነገር ሲፈጠር የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አፉን ዘግቶ ሦስት ቀን ከቆየ፣ ሦስቱን ቀን ወሬ ያስተዳድራል።

የቀረው የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ነው። የሽማግሌዎቹን ሳር ፎቶ መለጠፍ ቀላል ነው። የሚከብደው የጎረቤት ስም ያለበት መልእክት ሲመጣ "ፎርዋርድ" ከማለት በፊት "እሱ ራሱ ምን ይላል?" ብሎ መጠየቅ ነው። በዛሬ ዘመን ሳር ይዞ መንበርከክ ማለት ይኸው ነው።