ለሯጭ የሚሆን ብረት

በአዲስ አበባ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጎህ ሳይቀድ ወደ ለገጣፎና ወደ ሰንዳፋ አቅጣጫ የሚወጡ ወጣት ሯጮች አሉ። ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ ማታ ደግሞ በኮንዶሚኒየሙ ምድር ወለል ወደተከፈቱት ጂሞች ይገባሉ። የጠዋቱን ሥራ የሚያዘው የሩጫ አሰልጣኝ ነው፤ የማታውን የሚያዘው የጂሙ አሰልጣኝ። ሁለቱ ብዙውን ጊዜ አይተዋወቁም። የመጀመሪያው «ብረት አትንካ፣ ያከብድሃል» ይላል፤ ሁለተኛው ደረትና ክንድ ማሳመር ለሚፈልግ ሰው ያዘጋጀውን ፕሮግራም ለሯጩም ይሰጠዋል። ልጁ አንዱን ደብቆ ሌላውን ይሠራል። ሯጭ ብረት ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ። አደጋ ይድረስበት አይድረስበት የሚወሰነው ግን በአብዛኛው ብረቱን ሲያነሳ ሳይሆን የትኛውን እንቅስቃሴ እንደሚሠራ ሲመረጥለት ነው። ይህን ምርጫ ደግሞ የሩጫ አሰልጣኙ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት የለበትም።

ብረት ለሯጭ ምን ይጠቅማል ለሚለው መልሱ በግምት ላይ የቆመ አይደለም። እ.ኤ.አ. (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ2008 በኖርዌይ በወጣ ጥናት 17 በደንብ የሠለጠኑ ሯጮች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ከተለመደው ሩጫ በተጨማሪ ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ግማሽ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ በከፊል ዝቅ ብሎ መነሳት) ሠራ። አራት ዙር፣ በየዙሩ አራት ጊዜ፣ አምስተኛ ማንሳት በማይቻልበት ክብደት ማለት ነው። የሰውነታቸው ክብደት አልጨመረም፤ በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሮጡ የሚፈጁት ኦክስጅን ግን በአምስት በመቶ ቀነሰ። በፊንላንድ በ1999 የወጣው ጥናት ደግሞ ከልምምዱ ሲሶ የሚሆነውን በዝላይ፣ በአጭር ፍጥነት ሩጫና በቀላል ክብደት በተሠራ ፈጣን እንቅስቃሴ ተካ። ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ የሯጮቹ የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓት ተሻሻለ፤ ሳንባና ልብ ኦክስጅን የማድረስ አቅማቸው ግን አልተለወጠም። ለውጡ የመጣው እግራቸው መሬት ሲነካ ጡንቻና ጅማት ኃይልን ይዘው መልሰው ከሚለቁበት መንገድ ነው። ሁለቱም ጥናቶች በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ከእነሱ በኋላ የወጡት ግን በአብዛኛው ያመሩት ወደዚያው ነው።

ለእኛ አትሌቶች ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጉዳቱ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በሲድኒ ኦሊምፒክ ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ሲያሸንፍ የተረከዙ ጅማት ታሞ ነበር፤ ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። ትዕግሥት አሰፋ በሪዮ ኦሊምፒክ 800 ሜትር የሮጠች አትሌት ናት። የተረከዝ ጅማት ሕመም ከስፓይክ ጫማ አርቆ ወደ ጎዳና ወሰዳትና በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨረሰች። ሲሳይ ለማ በ2024 ቦስተንን ባሸነፈ በጥቂት ወራት ውስጥ በጉዳት ከፓሪስ ኦሊምፒክ ሲቀር ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ገብቶ በ2:06:26 ወርቁን አመጣ። እነዚህ ታሪኮች በደስታ ያበቁ ስለሆኑ እናወራቸዋለን። የተረከዝ ጅማቱ ታሞ፣ ማናጀር ሳያገኝ፣ ክለብ ሳይገባ ወደ ቤተሰቡ የተመለሰው ልጅ ግን ታሪኩ የትም አይጻፍም። በ2014 ከ26 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱባቸውን 25 ጥናቶች አንድ ላይ የመዘነ ሥራ የጥንካሬ ልምምድ የስፖርት ጉዳትን ከሲሶ በታች እንደሚያወርደው አሳይቷል። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች የማራቶን ሯጮች አልነበሩምና ቁጥሩን እንዳለ ወደ ሰንዳፋ አስፋልት ማምጣት አይቻልም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ጅማትን በተመለከተ ከዚህም የቀረበ ማስረጃ አለ። በ1998 በስዊድን የተረከዝ ጅማታቸው ለረጅም ጊዜ የታመመ 15 የመዝናኛ ሯጮች በቀን ሁለቴ፣ ለ12 ሳምንት፣ አንድ ሥራ ተሰጣቸው። በደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣት ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ከጠርዙ በታች ማውረድ፣ በሌላኛው እግር ታግዞ መመለስ፣ ሲቀልም በጀርባ ቦርሳ ክብደት መጨመር። አሥራ አምስቱም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። በኋላ የወጡ ጥናቶች ውጤቱ ሁልጊዜ ይህን ያህል እንደማያምር አሳይተዋል፤ ቢሆንም ጅማት በዕረፍት ብቻ ሳይሆን በተመጠነ ሸክም እንደሚጠነክር ዛሬ ብዙ የሚያከራክር አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገው ደረጃ አባዶ ውስጥ በየብሎኩ አለ። ሕመም ሲሰማው ወጌሻ ጋ ሄዶ ለታሸና ሳምንት ተኝቶ ለሚመለስ ሯጭ፣ ያው ሕመም ለምን በሦስተኛው ሳምንት እንደሚመለስበት የሚያስረዳውም ይኸው ነው። ማሸቱና ዕረፍቱ ሕመሙን አስታገሱ እንጂ ጅማቱን አላጠነከሩትም።

እዚህ ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ «ጀግኖቻችን ያለ ብረት አሸንፈዋል» የሚለው ነው። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው፤ የአገራችን የሩጫ ዕውቀት ከየትኛውም ላቦራቶሪ የሚያንስ አይደለም። ግን እነዚያ አትሌቶች የጥንካሬ ልምምድ አልሠሩም ማለት ትክክል አይመስለኝም። ውሃና እንጨት ተሸክመዋል፣ ትምህርት ቤት በእግራቸው ተመላልሰዋል፣ ዳገትና ኮረኮንች ሮጠዋል፤ ዛሬም በየቡድኑ «ጂምናስቲክ» የሚባለው ዝላይና የቅልጥፍና ሥራ የጥንካሬ ልምምድ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደገ፣ ወደ ትምህርት ቤት በታክሲና በባጃጅ የተመላለሰ ልጅ ያ መሠረት የለውም፤ እሱ ያላገኘውን አሰልጣኙ ማሟላት አለበት። ሌላም ነገር አለ። ያሸነፉትን እናውቃቸዋለን፤ በዚያው መንገድ ሄደው የተሰበሩትን ግን የቆጠረ የለም። አንድ መንገድ ጥቂት ታላላቆችን ማውጣቱ ብዙዎችን እንዳልጎዳ ማረጋገጫ አይሆንም።

«ያከብዳል» የሚለው ሥጋት ደግሞ በአንድ በኩል እውነት አለው፤ እውነትነቱ ግን ለተሳሳተው ልምምድ ነው። ጡንቻ የሚያገዝፈው በብዙ ዙርና በብዙ ድግግሞሽ እስኪያቅት መሥራት፣ ከዚያም በላዩ አብዝቶ መብላት ነው። በሳምንት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ ሰው ከባድ ክብደት ጥቂት ጊዜ አንስቶ ቢያቆም የሚያተርፈው በዋናነት ነርቭ ጡንቻን ፈጥኖ የማዘዝ ችሎታውን ነው። ስለዚህ ብዙዎች «ለጥንቃቄ» ብለው የሚመርጡት ቀላል ክብደት እስኪደክሙ ደጋግሞ ማንሳት ለሯጭ የሚያሰጋው ዓይነት ነው። እግሩን ለሁለት ቀን ያሳምመዋል፣ የማግሥቱን ረጅም ሩጫ ያበላሽበታል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ወገቡን አጉብጦ ያነሳል።

እንግዲህ ምርጫው ላይ እንምጣ። አሰልጣኝ አንድን እንቅስቃሴ ለሯጩ ከመስጠቱ በፊት ሁለት ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃዋል ባይ ነኝ፦ ይህ ለሩጫው ምን ይጨምርለታል? መሃል ላይ ቢያቅተው ብረቱ የት ይወድቃል? ቤንች ፕሬስን፣ በጀርባ ተኝቶ ብረትን ከደረት ወደ ላይ መግፋትን፣ እንውሰድ። ለሯጭ የሚሰጠው ጥቅም ፑሽ አፕ ከሚሰጠው እምብዛም አይበልጥም፤ ሲያቅተው ግን ብረቱ የሚወርደው ደረቱና አንገቱ ላይ ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው ለደኅንነት ብሎ የጫፉን መቆለፊያ አጥብቆት ከሆነ ክብደቱን ወደ ጎን አንሸራትቶ ማውረድ እንኳ አይችልም። ጥቅሙ ትንሽ፣ አወዳደቁ ክፉ ነው፤ ከሯጭ ፕሮግራም ይውጣ። ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ የሚሠራ ስኳት ሌላ ነገር ነው። ጥቅሙ በጥናት የታየ ነው፤ የሚያቅትበትም ጊዜ ይመጣል። ብረቱ የሚሰቀልበት ማቆሚያ በሁለቱ ጎን መያዣ ዘንግ ካለውና ዘንጉ አትሌቱ ዝቅ ከሚልበት መጨረሻ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወርዶ ከተቀመጠ፣ ሲያቅተው ቁጭ ብሎ ብረቱን ዘንጉ ላይ ትቶ ይወጣል። ዘንግ በሌለበት ጂም ግን ከባድ ስኳት መሥራት የለበትም። በዚያ ፈንታ በሁለት እጁ ዳምቤል ይዞ፣ አንድ እግሩን ወደፊት ሌላውን ወደኋላ አድርጎ ዝቅ ብሎ ይነሳ፤ ሲያቅተው እጁን መፍታት ብቻ ይበቃዋል። ሩጫም ከአንድ እግር ወደ ሌላው መዝለል ነውና በእኔ ግምት ይህ ለጀማሪ ከስኳቱ የተሻለ ነው። ዴድሊፍት (ብረትን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) ሲያቅት ብረቱ የሚመለሰው ወደ መሬት ነው፤ በዚህ ረገድ ስሙ ከሚያስፈራው ያነሰ አደጋ አለው፤ ፈተናው ወገብን ቀጥ አድርጎ መያዝ ስለሆነ በድካም መጨረሻ አይሠራም። የቋንጃ ጡንቻ ለሚያስቸግረው ተንበርክኮ፣ ቁርጭምጭሚቱን ጓደኛው ይዞለት፣ ወደፊት ቀስ ብሎ መውደቅ አለ። ብረት አይፈልግም፤ በእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የቋንጃ ጉዳትን ወደ ግማሽ አውርዷል።

የክብደት ማንሳት ስፖርት አሰልጣኞች በዚህ ዝርዝር እንደማይስማሙ አውቃለሁ። ብረትን ከመሬት በአንድ ትንፋሽ እስከ ራስ በላይ ማንሳት በቅጽበት የሚወጣ ኃይል ይሰጣል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ያንን በትክክል ለመማር ብዙ ወራትና ዓይኑን የማይነቅል አሰልጣኝ ይፈልጋል፤ ተመሳሳይ ኃይል ከዳገት ሩጫና ከዝላይ ሊገኝ ይችላል። ጊዜውም አሰልጣኙም ያለው ክለብ ይሥራው። በአባዶ አንድ አሰልጣኝ ሃያና ሠላሳ ልጅ ይዞ ሲያሠራ ግን ልምምዱ የሚመረጥበት መለኪያ ከጥቅሙ ሌላ ስንቱን በዓይኑ መከታተል እንደሚችል ነው፤ ስህተት ቢሠራበት እንኳ የማይጎዳውን መምረጥ አለበት።

«መሣሪያውስ የት አለ?» የሚል ይኖራል። በየሰፈሩ ወጣቶች የውሃ ቧንቧ ጫፍ ላይ ሲሚንቶ የሞላ ቆርቆሮ አድርገው ሲያነሱ እናያለን። ጥረታቸውን አከብራለሁ፤ ሁለቱ ቆርቆሮዎች ግን እኩል አይመዝኑም፣ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ቧንቧውም ይጣመማል። ያንን ትከሻ ላይ አድርጎ ስኳት መሥራት ገና ከመነሻው ጎባጣ ሸክም መሸከም ነው። አሸዋ የተሞላ ጠንካራ ጆንያ በደረት አቅፎ መሥራት ይሻላል፤ ሲያቅት ከፊት ይወድቃል፣ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ተጭኖ ትክክለኛ ኪሎው ይታወቃል፣ በየሁለት ሳምንቱም ጥቂት ይጨመርበታል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሦስት ወይም አራት እንቅስቃሴ፣ በየዙሩ ሁለት ጊዜ ለማንሳት የሚያስችል አቅም አስቀርቶ ማቆም፣ ይህን ደግሞ ኢንተርቫል (በዕረፍት የተከፋፈለ ፈጣን ሩጫ) በተሠራበት ቀን ከሰዓት አድርጎ ቀላሉን ቀን ቀላል እንደሆነ መተው። ከዚህ በላይ ለመጀመሪያው ዓመት አያስፈልግም።

ስለ ታዳጊዎች የሚባለውን በአጭሩ ልንካው። ክብደት ማንሳት ቁመት ያስቀራል የሚለው ወሬ በማስረጃ አልተደገፈም፤ በ2014 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች የጋራ አቋም በተገቢ ክትትል የሚሠራ ልምምድ ለልጆች ጠቃሚና አስተማማኝ ነው ይላል። በአሜሪካ የድንገተኛ ክፍል መዝገቦች ከ8 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆች ክብደት ሲያነሱ ከደረሰባቸው ጉዳት ሁለት ሦስተኛው የእጅና የእግር ነው፤ በአብዛኛው ከብረት መውደቅና በብረት መካከል ከመቆንጠጥ የመጣ። ይህ የሚነግረን ለልጅ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የሚያየው አዋቂና የተስተካከለ ወለል መሆኑን ነው። በእኛ አገር ደግሞ ወረቀት ላይ ያለ ዕድሜ ሁልጊዜ ከሰውነት ጋር ስለማይገጥም አሰልጣኙ የሚያምነው የሚያየውን ሰውነት ይሁን። በቂ ምግብ የማያገኝ ልጅ፣ በተለይም የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ሯጭ፣ ብረት ሳይሆን መጀመሪያ ምግብና ሐኪም ያስፈልጋታል፤ አጥንት ባዶ ሆድ ላይ አይጠነክርም።

የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ለአሰልጣኞች በሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ የልምምድ ምርጫና ብረት አጠቃቀም በተግባር ተፈትኖ የሚታለፍበት ክፍል እንዲሆን እጠይቃለሁ። አንድ የሩጫ አሰልጣኝ ኢንተርቫል ማውጣት ብቻ ሳይሆን የስኳቱን ዘንግ የት እንደሚያስቀምጥ፣ የትኛውን ሯጭ ከብረት እንደሚከለክልም አሳይቶ ይለፍ። መምህራን የሚያሠለጥነው የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ለአባዶ ሩቅ አይደለም፤ የስፖርት ተማሪዎቹ የተግባር ልምምዳቸውን በእነዚህ የሩጫ ቡድኖችና ጂሞች ቢያደርጉ ሁለቱም ወገን ይማራል። እስከዚያው ግን ሥልጣንና በጀት የማይጠይቅ ነገር አለ። የሩጫ አሰልጣኙ ልጆቹ የሚገቡበትን ጂም በእግሩ ሄዶ ይየው፣ ማቆሚያው ዘንግ እንዳለው በእጁ ነክቶ ያረጋግጥ፣ ለእያንዳንዱ ሯጭ የሚሠራውንና የማይሠራውን በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፎ ለጂሙ አሰልጣኝ ይስጥ። ማክሰኞ ኢንተርቫል፣ ሐሙስ ዳገት እንዳለ ያወቀ የጂም አሰልጣኝ ረቡዕ ማታ እግር አያሠራም።