«ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

ያስተማርኳችሁ ሁሉ ይቺን ጥያቄ አትረሷትም። ሰሞኑን ትዝ ያለችኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ሦስት የኦንላይን ኮርስ ሰርተፍኬት ሲልክልኝ ነው። «እንኳን ደስ አለህ» አልኩትና «እስቲ በተማርከው የሠራኸውን አሳየኝ» ብዬ ጠየቅሁት። ቆየት ብሎ መለሰልኝ፦ «እውነቱን ልንገርዎት ቲቸር፣ መልሶቹን ያገኘሁት ከቴሌግራም ግሩፕ ነው።»

አልተቆጣሁም። ፈተና ላይ ለማይመጣ ነገር አትድከም ብለን ያሳደግነው እኛው ነን።

ሌላዋ ተማሪዬ ደግሞ ሱቅ አላት። የዱቤ ደብተሯ እየተምታታ ከደንበኞቿ ጋር ሲያጨቃጭቃት፣ ማታ ማታ በሌሊት ፓኬጅ ኤክሴል ከዩቲዩብ ተማረች። አንድም ኮርስ አልጨረሰችም። መደመሩንና ማጣራቱን እንደቻለች ተወችው። ሰርተፍኬት የላትም፤ ማን ስንት እንዳለበት ግን ስልኳ ላይ ቁጭ ብሏል።

ሁለቱን የለያቸው ጉብዝና አይደለም። እሱ ለሰው የሚያሳየውን ፈለገ፤ እሷ ከጭቅጭቅ የሚገላግላትን።

እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የሃርቫርድንና የኤምአይቲን የኦንላይን ኮርሶች ተመልክቶ ነበር። በ2017/18 ከተመዘገቡት 100 ሰዎች የጨረሱት 3 ገደማ ናቸው። ለሰርተፍኬቱ ከከፈሉት ግን ከ100ው 46ቱ ጨርሰዋል። ገንዘብ ጭንቅላት ስለሚከፍት አይመስለኝም። ብዙዎቹ ገና ሳይከፍሉ የቆረጡ ናቸው ባይ ነኝ።

ሰርተፍኬት አልንቅም። ሥራ ፈላጊ ያስፈልገዋል፣ ቀጣሪም ይጠይቃል። ግን ቃለ መጠይቅ ላይ «በል ኮምፒውተሩን ክፈትና ሥራው» ሲባል ወረቀቱ አያድንም።

ዛሬ ዕድሉ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም እንኳ ከፕሮግራሚንግ እስከ ዳታ ሳይንስ በነፃ ያስተምራል። ተመዝገቡ። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ራሳችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዛሬ የምማረውን በሚቀጥለው ሳምንት ምን ልሠራበት ነው? ባቋርጠውስ «የት ደረስክ?» የሚለኝ ማን ነው? መልስ ካጣችሁ መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጉ፤ ኮርሱ የትም አይሄድም።

ያ ልጅ አሁን ከአንደኛው ኮርስ እንደ አዲስ ጀምሯል። እናቱ ዳኛ ለሆኑበት የሰፈር ዕቁብ መመዝገቢያ ሊሠራ ነው። እሁድ እሁድ «የት ደረስክ?» የምለው እኔ ነኝ።

እናንተስ? ጀምራችሁ የተዋችሁት ኮርስ ካለ ለምን እንደተዋችሁት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አይዟችሁ፣ ፈተና ላይ አይመጣም።