አባ ቃኘውና ትልቁ ከበሮ

ሚያዝያ 27 ቀን፣ በአርበኞች የድል በዓል ጠዋት፣ አራት ኪሎ የተገኘ ሰው ሁለት ዓይነት ሙዚቃ ይሰማል። አንደኛው የማርሽ ባንዱ ነው፦ ጡሩምባው ያንባርቃል፣ ትልቁ ከበሮ ደረት እየደለቀ ያልፋል። ሁለተኛው ከድል ሐውልቱ ሥር የሚነሣው ነው። ጎፈር የደፋ፣ ኒሻን የደረደረ አዛውንት ከሰው መሀል ፈንጠር ብሎ ይወጣና “ዘራፍ!” ይላል።

ተመልካች ሁለቱንም “የጀግንነት ሙዚቃ” ብሎ በአንድ ቋት ይከታቸዋል። የሚቀሰቅሱት ኩራት ግን ለየቅል ነው። ፉከራው “እኔ” ይላል፤ ማርሹ “እኛ”። ጡረተኛ ወታደር ማርሽ ሲሰማ ዓይኑ እንባ የሚያቀርረው ያገለገለው መንግሥት ትዝ ብሎት ብቻ አይደለም። ከጎኑ ይረግጥ የነበረው ጓደኛው ትዝ ይለዋል።

የነሐስ ጡሩምባ ከመምጣቱ በፊት የጦር ሜዳ ድምፅ ነጋሪት፣ እምቢልታና መለከት ነበር። ነጋሪቱ አገር ይጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሽለላና ፉከራ የየሰዉ ነው። ተዋጊው የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው። የፈረስ ስም ለባለቤቱ ብቻ የተሰጠ ማዕረግ ያህል ነው።

ማርሹ ግን ከውጭ የገባ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የነሐስ መሣሪያዎች ከሩሲያ መጡ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሳሉ፣ ከእልቂት የተረፉ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ሲጫወቱ ሰምተው 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። “አርባ ልጆች” ተብለው ቀሩ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የሠሩት መዝሙር የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ሆነ። ወታደሩ በተጠንቀቅ ቆሞ ሰላምታ ይሰጥበት የነበረው ዜማ፣ እንግዲህ፣ የስደተኛ እጅ ሥራ ነበር። ያንን ግን ማን ያስታውሳል? ሰልፈኛው የሚያዳምጠው የዜማውን አገር አይደለም፤ ከበሮውን ነው። ከበሮው ሲመታ ግራ እግር መሬት ይነካል፣ የመቶ ሰው ጫማ አንድ ድምፅ ይሰጣል። ያን ጊዜ የራሱን ጫማ ለይቶ የሚሰማ የለም።

“እኔ” እና “እኛ” በአንድ ስም የተገናኙበት ምሳሌ ኮሪያ ነው። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የክቡር ዘበኛ ጦር “ቃኘው ሻለቃ” ተባለ። የአንድ ሰው፣ የራስ መኮንን፣ የፉከራ ስም ለሺህ እግረኛ ተከፋፈለ ማለት ነው። በየተራ ከዘመቱት ከ6000 በላይ ወታደሮች ከ120 የሚበልጡት ወደቁ፣ 536 ቆሰሉ፤ የተማረከ ግን አልነበረም። የቃኘው ዘማቾች ዛሬም ይህንን፣ አንድም ሰው አለመማረኩን፣ አስቀድመው ያነሣሉ፤ እያንዳንዱ ስለ ራሱ የሚናገርበት ሳይሆን ሁሉም የሚካፈለው ኩራት ስለሆነ ነው።

ተጠራጣሪ እዚህ ላይ ጥያቄ ቢያነሣ አይፈረድበትም። ማርሽ ሰውን ሳያስጠይቅ የሚያስከትል የመንግሥት መሣሪያ አይደለምን? ነው፤ ጡሩምባው የሚነፋው በትእዛዝ ነው። ሆኖም የኢትዮጵያ ጡረተኛ ያዘዙትን ሁሉ ሲወድቁ አይቷል። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ምክንያት ክቡር ዘበኛ ሲመታ፣ የኦርኬስትራው ኮከብ ጥላሁን ገሠሠ ሳይቀር ታሰረ። ደርግ የንጉሡን መዝሙር በራሱ ተካ፤ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀበት ዘመንም የኮሪያ ዘማችነት በአደባባይ የሚፎከርበት ጉዳይ አልነበረም። በ1983 ደግሞ የደርግ ጦር ራሱ ተበተነ፣ በኋላም መዝሙሩ ዳግመኛ ተለወጠ። በአንድ ሰው ዕድሜ ሦስት መዝሙር! ስሜቱ የመንግሥት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከመንግሥቱ ጋር በተቀበረ ነበር።

ግጥሙ ሲለወጥ እርምጃው አልተለወጠም። በየሥርዓቱ “ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ” ያው ነው። በተለያየ ባንዲራ ሥር ያገለገሉ፣ በፖለቲካ ነገር አንድ ማዕድ የማይቀርቡ ሁለት ጡረተኞች አንድ ባንድ ሲያልፍ በአንድ እግር የሚነሡት ለዚህ ነው።

ሁለቱን ኩራቶች በአንድ ትንፋሽ ያዋሐደም ነበር። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ የተጫወተ፣ በባንድ ሥርዓት ያደገ ሰው ነው። በዚያው ከውጭ በመጣ መሣሪያ ግን ሽለላ ነፋ፤ መድረክ ላይም እንደ አርበኛ ጎፈር ደፍቶ ይታይ ነበር። በኖታ ተሰልፎ የሚነፋው መሣሪያ በእሱ እጅ ከሰልፉ ወጥቶ ይፎክራል፤ የጩኸቱ ጉልበት “እኔ” እና “እኛ” ገና እየተጓተቱ በመሆናቸው ነው።

አራት ኪሎ ላይ ፎካሪው አዛውንት ሲጨርስ እልልታው ይቀልጣል፣ ወደ ወንበሩም ይመለሳል። ባንዱ ዞሮ ሲመጣ ግን ልብ ብሎ ላየው፣ ከዘራው ትልቁ ከበሮ በተመታ ቁጥር አስፋልቱን ቋ ያደርጋል። ከአጠገቡ የተቀመጠው አዛውንት ከዘራም እንዲሁ። አይተያዩም፤ ከዘራዎቹ ግን እኩል ይወርዳሉ።